ድንጋይሽን አንሺ

ባለጎማው የኪራይ ቤት ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተመደበለት ቦታ ደረሰ። ራሱ ቆመ፤ ራሱ እግሮቹን ዘረጋ፤ ራሱ ከጎኑ ድንኳን አውጥቶ ወጠረ። ሄመን ሻንጣዋን ውስጥ ትታ ወረደችና በወጣትነቷ እንደለመደችው ጎኑን በመዳፏ ሁለቴ ደብ ደብ አደረገችው።

«መመታቴን መዝግቤያለሁ» አለ ቤቱ በትሕትና። «አንደኛ ማስጠንቀቂያ ነው። በሦስተኛው ኪራዩ ይቋረጣል። መልካም ቆይታ፣ እትዬ ሄመን።»

«ኧረ ወዲያ! ማን መታህ?» አለችው።

ሄመን ማለት ድሮ የሕፃን ስም ነበር። ዛሬ፣ በ2092 ዓ.ም.፣ ሄመኖች ሁሉ ሸብተዋል፤ ናኦሎችና ባሮኮች ምርኩዝ ይዘዋል፤ ለሕፃናቱ ደግሞ ሰው ተመልሶ ማንጠግቦሽ እያለ ስም ያወጣል። እሷ ስድሳ አራት ሞልቷታል። አባቷ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ረዳታቸው ጥሏቸው የሄደ ጊዜ እሷን በአሥራ ስድስት ዓመቷ በር ላይ አቆሟት፤ ስምንት ዓመት ሠራች። ከዚያ መኪኖች ራሳቸውን መንዳት ጀመሩ፣ መሪ የሚባለው ነገር ተነቀለ፣ ሹፌርም ረዳትም ሥራ ፈታ። የሄመን እጅ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ሥራ አልፈታም።

የጉዞ መኪኖች ኤግዚቢሽንና ባዛር የሚካሄደው ድሮ ሐይቅ በነበረ ሜዳ ላይ ነው። በየዓመቱ ሦስት ሺህ መኪና ለሦስት ቀን ይሰፍርበታል። አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ሰፋሪ ሦስት ጉልቻ፣ አንድ እቅፍ ቄጤማ እና የጅብ ድምፅ ይሰጣሉ። ጉልቻው ለማየት እንጂ ለመጣድ አይደለም፤ እሳት ክልክል ነው። የጅቡ ድምፅ ሦስት ደረጃ አለው፤ ሩቅ፣ ቅርብ እና በጣም ቅርብ።

«እኔ ሁልጊዜ በጣም ቅርብ ላይ ነው የማደርገው» አሏት የጎን ሰፋሪዋ፣ ጋሽ ናኦል የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር። «እንቅልፍ ይወስደኛል። እርስዎስ፣ እትዬ፣ ስንተኛዎ ነው?»

«የመጀመሪያዬ።»

«አይ! እኔ አሥራ አንደኛዬ ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም መድረሻ ጨርሻለሁ። ኢትዮጵያን ጨርሻታለሁ ብል ውሸት አይደለም።»

«ቀበሮ ሜዳስ ሄደዋል?»

«እሱ ደግሞ የት ነው?» አሉ ጋሽ ናኦል፣ ከልባቸው።

ሄመን አልተቀየመችም። የምትጠይቀው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚላት። መኪና የሚሄደው ዝርዝር ውስጥ ወዳለ ቦታ ነው። ዝርዝሩ ደግሞ አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆሟል። ከዚያ ውጪ ላለ ቦታ ስሙን ስትነግረው መኪናው «ይህን መድረሻ አላውቀውም፤ ሌላ ልምረጥልዎ?» ይልሻል፣ ውኃ ዳር የሆነ ቆንጆ ነገር ይመርጥልሻል። ሰውም ለምዶ መጠየቁን ትቷል።

ቀበሮ ሜዳ ከተራራው ወዲያ ነው፤ የሄመን የትውልድ ቦታ። ስድስት መቶ አባወራ አለበት። አሥር ዓመት ሙሉ መኪና ደርሶበት አያውቅም። ጨው በበቅሎ ይገባል፣ ምጥ ያፋፋማት ሴት በቃሬዛ ትወጣለች። ባለፈው ክረምት የወንድሟ የባሮክ ምራት ከነሆዷ ቃሬዛው ላይ ሞታለች፤ መኪና እሺ ብሎ ከሚቆምበት ቦታ ለመድረስ የአራት ሰዓት መንገድ ቀርቷት ነበር። ሄመን ያን ቀን ከተማ ሆና አሥራ ሰባት መኪና ለመነች። አሥራ ሰባቱም በትሕትና እምቢ አሏት።

ደንቡ እንዲህ ነው። መኪና ያልመጣበት መንገድ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ዝርዝር ውስጥ ያልገባ መንገድ ላይ መኪና አይሄድም። አሥር ዓመት የሞላው እንደሆነ ደግሞ የቦታው ስም ለዘለዓለም ይሠረዛል፣ ማመልከትም አይቻልም። የቀበሮ ሜዳ አሥር ዓመት የሚሞላው እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የመንገድ ዝርዝር ጽሕፈት ቤት ደግሞ ለሕዝብ የሚከፈተው በዓመት አንዴ፣ እዚሁ ባዛር ላይ፣ በአንድ ነጭ ድንኳን ውስጥ ነው።

ነገር ግን ባሮክ ሸበቶው አለው። ሸበቶው በሰው የሚነዳ፣ መሪ ያለው፣ በጉሎ ዘይት የሚሠራ የጭነት መኪና ነው። መኪና በማይደርስበት አገር መሪ ነቃይም ስለማይደርስ ተርፏል። ለዓመታት ተበላሽቶ ቆሞ ነበር፤ ባሮክ መልሶ ያስነሣው ምራቱ ከሞተች በኋላ ነው። ወንድሟ በበቅሎ ነጋዴ እጅ የላከው ቃል አጭር ነበር፤ «ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እነሳለሁ። እሁድ ከስድስት በፊት ካልደረስኩ ገደል ገብቻለሁ ማለት ነው። አንቺ ቦታውን ያዢልን።» ቦታ ለመያዝ ነው እንግዲህ ሄመን ሦስት ቀን የሰፈረችው። አመልካች በግንባር ካልተገኘ የመጣው መኪና እንዳልመጣ ይቆጠራል።

ቅዳሜ ጋሽ ናኦል ካላሳየሁዎት ብለው ባዛሩን አዞሯት። የማይታይ ጉድ አልነበረም። ረቡዕና ዓርብ ፍሪጁን አልከፍትም የሚል የጿሚ መኪና አየች። አርባ ሰው አስቀምጦ ንፍሮ እየዞረ የሚያድል የለቅሶ መኪና አየች፤ ማልቀስ ላቃተውም ጀማሪ ድምፅ ያወጣለታል። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ መሐላቸው ግድግዳ የሚያወርድ ነበር።

«ይኼ ለኛ ቤት ነበር» አሉ ጋሽ ናኦል። «ነፍሷን ይማርና፣ ግድግዳውንም ታሸንፈው ነበር።»

ሄመን ከልቧ ሳቀች። እያንዳንዱን ሻጭ ግን አንድ ጥያቄ መጠየቋን አልተወችም፤ «ቀበሮ ሜዳ ይሄዳል?» ሻጮቹ ደንግጠው ያይዋታል። አንደኛው «እናቴ፣ ይኼ እኮ የትም ይሄዳል!» ብሎ የአራት መቶ አሥራ ሁለቱን ዝርዝር ዘረጋላት።

ከሰዓት በኋላ ነጩ ድንኳን ደረሱ። ደጃፉ ላይ ከመሬት ጋር እኩል የተነጠፈ የብረት ሳህን አለ። የመጪው መኪና ጎማ እሱን ሲረግጥ ነው መጣ የሚባለው። ውስጥ ማንጠግቦሽ የምትባል ወጣት ጸሐፊ ተቀምጣለች፤ ትሑት፣ ንጹሕ፣ አሥር ዓመት ሙሉ በሥራዋ አንድም አዲስ መንገድ ያልመዘገበች።

«ነገ ወንድሜ ይመጣል» አለች ሄመን። «አንድ ነገር ግን ንገሪኝ፣ ልጄ። መንገዳችን ጤነኛ ነበር። ድልድዩ አልተሰበረ፣ ናዳ አልመጣ። ለምን ዘጋችሁት?»

«እኛ አልዘጋንም፣ እማማ። መንገድ የሚቀርጸው መኪና ነው ዝግ ሆኖ ያገኘው። ፎቶው አለ፣ ላሳይዎት።»

ፎቶው ወጣ። ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ኩርባው ጋ፣ በመንገዱ አግድም ሰባት ድንጋይ ተደርድሯል። ትልቁ መሐል ነው። ከትልቁ ሥር የግራር ቅጠል ተሰክቷል፤ ቅጠሉ ላይ ቀይ የነጠላ ጥለት ታስሯል።

ሄመን ወንበሩን ያዘች።

«ድንጋይና ቅጠል ካዩ ከፊት አደጋ አለ ማለት ነው» አለች ማንጠግቦሽ፣ እንደ መምህር። «መኪኖቹ ይህን ከድሮ ሹፌሮች ልማድ ነው የተማሩት። መጀመሪያ ሃያ ሜትር ያፈገፍጋሉ። ከዚያ አርባ ደቂቃ ይጠብቃሉ። የሚያነሳ ሰው ካልመጣ ይመለሳሉ። ይኼኛው አርባ ደቂቃውን ጠብቋል፣ እዚህ ተጽፏል። ማንም አልመጣም።»

ማን ይምጣ? አስቀማጯ ሄዳለች። ከሄደች አሥር ዓመት ሆኗታል። ሄመን ለእናቷ አርባ ቀበሮ ሜዳ ሰንብታ ስትመለስ፣ በኪራይ መኪና መውጣት ስትችል፣ «እንደ ልጅነቴ ልሁን» ብላ ባሮክን በሸበቶው አስነሣችው። ዳገቱ ላይ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ተበጠሰ። እሷም ዘላ ወርዳ አባቷ እንዳስተማሯት ድንጋይ ደረደረች፣ ትልቁን ከመሐል፣ ቅጠሉን ከትልቁ ሥር፤ ሲመሽ እንዲታይም ከነጠላዋ ጥለት ቀድዳ አሰረችበት። ቀሪውን ጥለት በቺንጊያው ፋንታ ጠምዝዘው አሰሩና ሞተሩ ተነሣ። ዝናብ መጣ። ደስ ብሏት እየሳቀች ጎኑን ደብ ደብ አድርጋ «ሳበው!» አለች። አባቷ ስምንት ዓመት ሙሉ በየብልሽቱ የሚሏት አንድ ቃል ነበረቻቸው፤ «ድንጋይሽን አንሺ። የኋላሽ መንገድ የሌላ ሰው የፊት መንገድ ነው።» ያን ቀን ረሳችው።

«እማማ፣ ደህና ነዎት? ውኃ ላምጣልዎት?»

«እኔ ነኝ» አለች ሄመን። «እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

ማንጠግቦሽ መሳቢያዋን አገላበጠች። የቅሬታ ቅጽ አለ፣ የጥቆማ ቅጽ አለ፤ ለዚህ የሚሆን ቅጽ አልነበረም።

ሄመን ወደ ኪራይ ቤቱ ተመለሰች፤ ውስጥ ግን አልገባችም። ቤቱ ከጎኑ በወጠረው ድንኳን ጥላ ሥር ቆማ ያቺን የባሮክን ምራት አሰበች፤ ሠርጓ ቀን ከንፈሯ ላይ የማር እሸት ተጣብቆ ስትስቅ። በሰባት ድንጋይ! እጇን ጨብጣ የቤቱን ጎን በሙሉ ጉልበቷ መታችው።

«መመታቴን መዝግቤያለሁ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ዘና የሚያደርግ ዜማ ልክፈትልዎ?»

«ዝም በል!» አለችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ጋሽ ናኦል ከጎን ሰምተው መጡ፤ ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸውም አጠገቧ ተቀመጡና «እኔ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር» አሉ፣ «ካርታው ላይ ያለውን ነው ያስተማርኩት። የወጣውን ማን ይቁጠር አላልኩም። የብቻዎ አይደለም፣ እትዬ።»

እሁድ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ሄመን በሜዳው ምሥራቅ ጫፍ ቆማ ነበር። ለስድስት ሰዓት ሃያ አምስት ጉዳይ ላይ አቧራ አየች። ከአቧራው በፊት ግን ሽታው ደረሰ፤ ጉሎ፣ የተቃጠለ ጉሎ! «ባሮኬ! የኔ አንበሳ!» ብላ ዘለለች፣ ጉልበቷን ረስታ።

ሜዳው ላይ ያሉት ድምፅ ማጉያዎች በሙሉ አንድ ላይ ተናገሩ። «ውድ እንግዶች፣ በሰው የሚነዳ ተሽከርካሪ ወደ ሜዳው ገብቷል። እባክዎ አይደንግጡ።» ሰው ከዚያ በፊት አልደነገጠም ነበር። መኪኖቹ ግን በሰው ከሚነዳ ነገር ሁለት መቶ ሜትር እንዲርቁ ታዘዋል። ሦስቱም ሺህ በአንድ ጊዜ ተነቃነቁ፤ ድንኳናቸውን እየጎተቱ፣ ከውስጣቸው ሰው በፒጃማ እየዘለለ፣ ወደ ምዕራብ ሸሹ። መሸሺያ ሲያጡ ከነጩ ድንኳን ፊት ለፊት ባለው ሰፊው መንገድ ላይ ተጨናንቀው ደረቁ። የለቅሶ መኪናው ከነንፍሮው፣ የጿሚው ከነፍሪጁ፣ ሁሉም ቀጥ አለ። የብረት ሳህኑ ከዚያ ወዲያ ነው።

ሸበቶው ከመኪናው ክምር ፊት ደርሶ ቆመ። ባሮክ በመስኮት አንገቱን አወጣ፤ ፊቱ አቧራ ብቻ ነው፣ ጥርሱ ብቻ ይታያል።

«እታለም! ምንድን ነው ይኼ ሁሉ?»

«ከመኪናህ አትውረድ! ሞተሩንም እንዳታጠፋ!»

ሄመን ወደ ማንጠግቦሽ ሮጠች። «አስነሺያቸው!»

«አይሰሙኝም፣ እማማ። በሰው የሚነዳው እስኪወጣ አይንቀሳቀሱም። ደንብ ነው።»

«እሱ የሚወጣው ሳህኑን ከረገጠ በኋላ ነው!»

«አውቃለሁ» አለች ማንጠግቦሽ፤ ዐይኗ እንባ ሞልቷል። «ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው።»

ሄመን ፊቷን መለሰች። የወደቀ ድንኳን፣ የተበተነ ቄጤማ፣ በየቦታው ሦስት ሦስት ጉልቻ። ሃያ ሜትር ያፈገፍጋሉ። ከዚያ አርባ ደቂቃ ይጠብቃሉ። የማንጠግቦሽ ቃል ትዝ አላት።

ሁለት ጉልቻ አንሥታ ከፊቷ ካለው መኪና አፍንጫ ሥር አኖረች፤ ሦስተኛውን ትልቁን መሐል አደረገች፤ ከሥሩ ቄጤማ ሰካች። መኪናው ለአንድ አፍታ አሰበ። ከዚያ በጨዋነት፣ በዝግታ፣ በድንኳኖቹ መሐል ሃያ ሜትር ወደ ኋላ ሄደ።

«ጉልቻ አምጡ!» ብላ ጮኸች። ያ የአውቶቡስ ተራ ድምፅ፣ አርባ ዓመት ያልወጣው፣ ሜዳውን አናወጠው። «ኧረ ሰው! ጉልቻና ቄጤማ! ትልቁ ከመሐል! ቅጠሉ ከሥር!»

መጀመሪያ የሮጡት ጋሽ ናኦል ናቸው፤ ምርኩዛቸውን ጥለው፣ ሁለት ጉልቻ ደረታቸው ላይ አቅፈው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ያለው ማነው?» እያሉ ይሮጣሉ። ከዚያ ሻጮቹ መጡ፣ ከዚያ በፒጃማ የቆመው ሁሉ መጣ። ሰው ድንጋይ መሸከም እንዳልረሳ የታየው ያን ቀን ነው። በግራና በቀኝ ጉልቻ እየተደረደረ መንገዱ ተከፈተ። ሄመን ከሸበቶው ፊት ወደ ኋላ እየተራመደች ሁለት እጇን ታወዛውዛለች።

«ና! ና! ና! ግራ ስበር! ግራ እኮ ነው ያልኩህ፣ ግራህን አታውቅም እንዴ ዛሬም? መልስ! ይበቃል! ና!»

«ኧረ ቀስ፣ እታለም!» ይላል ባሮክ ላቡ እየተንቆረቆረ። «ስልሳ ዓመቴ እኮ ነው!»

«አርባ ሜትር ነው የቀረህ፣ ስልሳ ዓመትህን እዛ ስትደርስ ትቆጥራለህ! ና!»

ለስድስት አራት ደቂቃ ሲቀረው አንድ መኪና ብቻ ቀረ። በሳህኑ ላይ ቁጢጥ ብሎ የቆመው የሄመን የራሷ የኪራይ ቤት ነበር። ጉልቻ ግን አልቋል። በቅርብ የነበረው ሦስት ሦስቱ ሁሉ ተደርድሯል፤ ከተደረደረው ቢነሣ ደግሞ የኋላው ይዘጋል።

«ድንጋይ የለም!» አሉ ጋሽ ናኦል።

ሄመን ቤቱን አየችው። ፈገግ አለች። እጅጌዋን ሰብስባ ተጠጋችና በመዳፏ ጎኑን፣ ደብ! ደብ!

«ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ» አለ ቤቱ። «ኪራዩ ተቋርጧል።» ከአደጋ ደንብ የኪራይ ውል ይበልጥ ኖሮ፣ ሻንጣዋን በጨዋነት መሬት ላይ አስቀመጠ፣ እግሮቹን ሰበሰበ፣ ወደ አከራዩ ለመመለስ በድንኳኖቹ መሐል እየተሽሎከለከለ ሄደ።

«ሳበው!» አለች ሄመን።

የሸበቶው የፊት ጎማ ሳህኑን ረገጠ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰሌዳ ጮኸ። ማንጠግቦሽ ቅጹን አወጣችና ጠየቀች። «መነሻ?»

«ቀበሮ ሜዳ» አለ ባሮክ።

«ስንተኛ ሰዓት ነው?» አሉ ጋሽ ናኦል።

«ለስድስት ሁለት ጉዳይ» አለች ማንጠግቦሽ። «በመንገዱ ላይ እንቅፋት አለ?» ይህን ያነበበችው ከቅጹ ላይ ነው።

ባሮክ መልስ ሳይሰጥ ከመኪናው ወረደና የጭነቱን በር ከፈተ። አንድ በአንድ እያወረደ ሄመን እግር ሥር ደረደራቸው። ሰባት ድንጋይ ነበሩ። የድንጋይ ሽበት አብቅለዋል፤ ትልቁ ላይ ቀይ የጥለት ክር ተጣብቋል።

«ድንጋይሽን ረስተሽ ነበር» አላት እየሳቀ። «አባባ ቢያዩሽ ኖሮ! አንሥቼ አመጣሁልሽ።»

ሄመን ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። «ባሮኬ፣ እነዚህ ናቸው የዘጉን። መኪናው እነዚህን አይቶ ነው የተመለሰው። ምራትህን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

የባሮክ ሳቅ ጠፋ። ድንጋዮቹን አየ። ከዚያ የእህቱን እጅ ያዘ፤ ያንን ደብ ደብ ማድረግ የማይተው እጅ።

«ሳበው ስትዪኝ የሳብኩት እኔ ነኝ» አላት። «በመስታወት አየኋቸው፣ እታለም። ዝናብ ነው፣ ይቅሩ አልኩ። ስመለስም በጎናቸው አለፍኩ። ሁለታችንም ነን። ግን ከእንግዲህ ማንም ቃሬዛ ላይ አይሞትም። እሱን ስሚ።»

«እንቅፋት የለም» አለች ማንጠግቦሽ ጮክ ብላ፣ ጻፈችም። ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ ተለወጠ። አራት መቶ አሥራ ሦስት፤ ቀበሮ ሜዳ፤ ክፍት። አንዲት በፒጃማ የቆመች ሴት እልል አለች፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ ቀለጠ። ማንጠግቦሽ ጠረጴዛዋን ትታ ወጥታ ሄመን አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ባሮክ ሞተሩን አስነሥቶ «ግቢ እንሂድ» አለ። ሄመን ሻንጣዋን ወረወረችለት እንጂ አልገባችም።

«ቆይ አንዴ» አለች። ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ጉልቻ አነሣች። «እነዚህን ትተን ብንሄድ ይህ ሜዳ ራሱ ነገ ከዝርዝር ይወጣል። በል ሰው፣ ድንጋይህን አንሳ!»

አነሡ። ለቃቅመው ሲጨርሱ ሸበቶው ከሜዳው ወጣ፤ ደረጃው ላይ በአንድ እጇ በሩን ይዛ፣ ነጠላዋ በነፋስ እየተውለበለበ፣ ሄመን ቆማለች። ከኋላቸው አንድ የጉዞ ቤት ተነሣ፤ ጋሽ ናኦል በመስኮቱ «ኢትዮጵያን አልጨረስኩም ለካ!» እያሉ ይጮሃሉ። ከእሳቸው ኋላ ሌላ፣ ከእሱም ኋላ ሌላ። ሁሉም ዛሬ የተጠየቁት አንድ መድረሻ ነው፣ ሁሉም እሺ ብለዋል።

ሄመን ወደ ኋላ ዞራ መንገዱን አየችው። ምንም አልቀረበትም። የመኪናውን ጎን ደብ ደብ አደረገችው፤ ሸበቶው ምንም አልመዘገበም።

«ሳበው!» አለች።